«ተመልከት» የሚል ካርድ

በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ጀርባ ከተቀመጥሁ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። በእነዚህ ዓመታት ከገንዘብ ያላነሰ የቆጠርሁት ፊደል ነው ብል፣ አንባቢ የገጣሚ ማጋነን አድርጎ አይውሰድብኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ሐዋላ ሊቀበሉ መጡ። እውነተኛ ስማቸውን ትቼ ፀሐይ ልበላቸው። ልጅቱ የእናቷን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፍ በ«ቲ» ጀምራዋለች፤ በእናትየው መታወቂያ ላይ የሰፈረው ግን በ«ኤስ» ይጀምራል። በአባታቸው ስምም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ደንብ ደንብ ነውና፣ «እማማ፣ ስሙ አይገጥምም። ልጅዎ ደውላ ታስተካክልና ይመለሱ» አልኋቸው። እርሳቸው ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ፀሐይ እኮ አንዲት ናት» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። የታክሲውን ከጎረቤት እየተበደሩ ይመላለሱ እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስብ ያመሸሁት ግን ስለ ባንክ አልነበረም፤ ስለ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ባደግሁባት ከተማ አንዲት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበረች። መጻሕፍቱ ከባንኮኒው በስተ ጀርባ ተደርድረዋል፤ አንባቢ በእጁ የሚነካው ካርዱን ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ የእንጨት ሣጥን ቆሟል፤ መሳቢያው ሲሳብ ይንቋረራል፤ የካርዶቹ ጠርዝ በጣት ብዛት ጠቁሯል። አንድ ቀን በዚያ ሣጥን ውስጥ የመጽሐፍ ርእስም የመደርደሪያ ቁጥርም የሌለው ካርድ አገኘሁ። «ክሌመንስ፣ ሳሙኤል፦ ትዌይን፣ ማርክን ተመልከት» ይላል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። የተሳሳተ ካርድ ያገኘሁ መስሎኝ በኩራት መሳቢያውን እንዳለ ተሸክሜ ወደ ሠራተኛው ሄድሁ። «ጋሼ፣ ይህ ካርድ መጽሐፍ የለውም» አልኋቸው። ጋሼ ሳቁና፣ «መጽሐፍማ አለው፤ የተቀመጠው በሌላ ስሙ ነው። ይህ ካርድ ዘበኛ ነው፤ በሩ በዚያ በኩል ነው ብሎ ይልክሃል» አሉኝ።

ፀሐይ የተባሉት እናት የጎደላቸው ያ ዘበኛ ነበር። ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔትን መምጣት እንዴት ተቀበለው የሚለውን ታሪክ ለዓመታት በትርፍ ሰዓቴ ሳነብ ቆይቻለሁ። የታሪኩ አከርካሪ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ይህ ካርድ መሆኑ የገባኝ ግን በዚያ ምሽት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ካርዱ ራሱ ከአብዮት የተወለደ ነው። በ1791 የፈረንሳይ አብዮታዊ መንግሥት ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት የወረሰውን መጽሐፍ ለመመዝገብ ሲነሣ፣ ምዝገባው በመጫወቻ ካርታ ላይ እንዲሆን አዘዘ። የዚያ ዘመን ካርታ ጀርባው ባዶ ነበርና ለጽሕፈት ይመቻል። ነገሥታቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሥዕላቸው ያለበት ካርታ የመጽሐፍ አገልጋይ ሆነ ማለት ነው። (እንዲህ ያለውን ነገር ታሪክ በነጻ ሲሰጠን ገጣሚ ምን ይጨምርበታል?) በ1901 ደግሞ በዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሳተማቸውን ካርዶች ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ። አንድ ባለሙያ አንዴ በጥንቃቄ የመዘገበውን፣ በሌላ ከተማ ያለው ባልደረባው ዳግም መድከም ሳያስፈልገው በሳንቲሞች ይገዛዋል። አንዴ ጻፍ፣ ሁሉም ይጠቀምበት። ኢንተርኔት ብለን የምንጠራው ነገር ግማሽ ሐሳቡ በዚህ ውስጥ አለ።

በ1965 ወደዚያው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄንሪየት አቭራም የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ተቀጠረች። የቤተ መጻሕፍት ትምህርት አልነበራትም፤ ቀደም ሲል የሠራችው በአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ነበር። የተሰጣት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ካርዱን ማሽን እንዲያነበው አድርጊ። ሰው ካርድ ሲያይ የትኛው የደራሲው ስም፣ የትኛው የመጽሐፉ ርእስ እንደሆነ ከአቀማመጡ ያውቃል። ማሽን ግን ዓይን የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ የካርዱ ክፍል ቁጥር ወጣለት፤ ደራሲው 100፣ ርእሱ 245፣ የገጹ ብዛትና የመጽሐፉ ቁመት 300። የባንክ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ እኛም የምንኖረው በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ይህ «ማርክ» የተባለ ሥርዓት ከ1966 ጀምሮ በ16 ቤተ መጻሕፍት ተሞከረ፤ በ1969 በማግኔት ቴፕ እየተቀዳ ይላክ ጀመር። ዛሬም፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ አብዛኛው የዓለም ቤተ መጻሕፍት በእርሱ ይሠራል። አቭራም በ2006 ስታርፍ ስሟን ከሙያው ውጭ የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ፍሬድሪክ ኪልጎር ነው። በ1967 በኦሃዮ የሚገኙ 54 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኮምፒውተር በጋራ እንዲጠቀሙ ማኅበር መሠረቱ፤ እርሱም መሪው ሆነ። ማኅበሩ «ኦሲኤልሲ» ይባላል። ኦገስት 26 ቀን 1971 የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በስልክ መስመር ከማዕከሉ ጋር ተገናኝቶ በዚያ ቀን 133 መጻሕፍት መዘገበ። በዚያን ጊዜ «ድር» የሚባለው ነገር ሊፈጠር ገና ሃያ ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። የሚያስቀው ግን ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ኮምፒውተርና መስመር ሲሠራ ውሎ የሚያመርተው የወረቀት ካርድ ነበር። እየታተመ፣ እየተደረደረ፣ በፖስታ ይላካል። ኦሲኤልሲ የመጨረሻውን ካርድ ያተመው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ሲሆን እስከዚያ ቀን ወደ 1.9 ቢሊዮን ካርድ አትሟል። አሮጌው ነገር በአዲሱ ማሽን እየተመረተ እንዲህ ረዥም ዕድሜ እንደሚኖር የዘመን ለውጥ ትንቢት ተናጋሪዎች አይነግሩንም።

እንግዲህ ኢንተርኔት ወደ ሕዝቡ ሲመጣ ቤተ መጻሕፍትን ባዶ እጁን አላገኘውም። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለው ሰው ስለ መረቡ ሳይሰማ በፊት፣ በመረቡ ላይ ሊነበቡ ይችሉ ከነበሩት የመጀመሪያዎቹ ነገሮች መካከል የቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች ነበሩበት። በ1991 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ «ጎፈር» የተባለ ሥርዓት ተሠራ፤ ፍልፈል መሰል እንስሳ ስም ነው። ሰው ከዝርዝር ወደ ዝርዝር እየገባ በሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ ያለን ጽሑፍ ያወጣበታል። ይህ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንግዳ አልነበረም፤ መሳቢያ በመሳቢያ ውስጥ ነው። በ1992 ጂን አርመር ፖሊ የተባለች አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስለ መረቡ መመሪያ ጽሑፍ ስታወጣ ርእሱን «ኢንተርኔትን መንሸራተት» የሚል ትርጉም ያለው አደረገችው፤ በማዕበል ላይ በሳንቃ የሚንሸራተቱትን አስባ። ቃሉን ያገኘችው ከኮምፒውተር ማውዝ ማስቀመጫዋ ሥዕል ላይ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ሰርፍ» ሲል አፉ ላይ ያለው አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሴት ያስፋፋችው ቃል ነው።

1995 ጥድፊያ የበዛበት ዓመት ነበር። በማርች ወር በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህርና ተማሪዎቹ «የኢንተርኔት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የተባለ፣ ግድግዳም መደርደሪያም የሌለው ቤት ከፈቱ፤ ከየትኛውም አገር በኢሜል የሚመጣን ጥያቄ ይመልሱ ነበር። በዚያው ወር በኦሃዮ ደብሊን ከተማ (የአየርላንዷ አይደለችም) ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ በመረቡ ላይ ያለ ማንኛውም ሰነድ የሚመዘገብበት አጭር ቅጽ ነደፉ። «ደብሊን ኮር» የሚባለው ይህ ነው፤ ኋላ ዐሥራ አምስት መስመር ሆኖ ጸደቀ። በማርክም ላይ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጻፍበት 856 የተባለ መስመር ታክሏል። አድራሻ እየተቀየረ መዝገቡን ከንቱ ሲያደርገው ደግሞ፣ የማይቀየር አድራሻ የሚሰጥና ወደ አዲሱ የሚመራ ሥርዓት ኦሲኤልሲ አበጀ። ልብ በሉ፤ ይህም ያው የጋሼ ዘበኛ ነው። በዚህ በኩል የለም፣ በዚያ በኩል ሂድ።

መረቡን በሙሉ እንደ መጽሐፍ መዝግቦ ለመጨረስ የተመኙም ነበሩ። አልሆነም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር። ገጹ ከመዝጋቢው ጣት ይልቅ ፈጥኖ ይባዛል። በ1998 ጉግል ሲቋቋም መልሱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ፤ ማን ምን እንደሆነ ከመመዝገብ ይልቅ ማን ማንን እንደሚጠቁም መቁጠር። መሥራቾቹ ይህን ሐሳብ ያበሰሉት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ምርምር ውስጥ ሳሉ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ልጅ ከቤት ወጥቶ ሲከብር የአባቱን ቤት ይረሳል።

በአገልግሎት መስኮቱ በኩል የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። በ1994 ከአምስት የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ብቻ ነበር ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው፤ በ2000 ከዐሥሩ ከዘጠኙ በላይ ተገናኝተዋል። በመካከሉ የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት የመስመር ዋጋ እንዲቀነስ አደረገ፤ ከ1997 ጀምሮም የጌትስ ቤተሰብ ገንዘብ ኮምፒውተር ገዛ። ከገንዘቡ ጋር ጥያቄም መጣ። በ2000 የወጣ ሕግ፣ የመንግሥት ድጎማ የሚወስድ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት የማይገቡ ምስሎችን የሚያግድ ማጣሪያ ያስገባ አለ፤ የቤተ መጻሕፍት ማኅበሩ ማጣሪያው የተፈቀደውንም ያግዳል ብሎ ከሰሰ፤ በ2003 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት ተረታ። እኔ ከማኅበሩ ጎን ነኝ። ማሽን «አልተገኘም» ሲል የሚያምን ሰው ምን ያህል ሊበድል እንደሚችል በመስኮቴ አይቻለሁ።

ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው በካርዱ ላይ የተለቀሰው ልቅሶ ላይ ነው። በ1994 አሜሪካዊው ደራሲ ኒኮልሰን ቤከር በኒው ዮርከር መጽሔት ረዥም ጽሑፍ አወጣ። ቤተ መጻሕፍት ካርዳቸውን ወደ ኮምፒውተር ካስገለበጡ በኋላ ሣጥኑን እየጣሉት ነው፤ ነገር ግን በካርዱ ላይ ባለሙያዎች በዘመናት ውስጥ በእጃቸው የጨመሩት ማስታወሻ፣ መስቀለኛ ምልክትና እርማት ሁሉ አልተገለበጠም፤ ዕውቀት እየተቃጠለ ነው አለ። ብዙ ባለሙያዎች ተቆጡት፤ ለእንጨት ሣጥን የሚያለቅስ አሉት። ቤከር ኮምፒውተሩ የሰጠውን ትርፍ አቃልሏል፤ ይህ ጥፋቱ ነው። በአንድ ነገር ግን ልክ ነበር። ባንክ ቤት መብራት ወይም መስመር ሲቋረጥ «ሲስተም የለም» እንላለን፤ ደንበኛው አገጩን በእጁ ይዞ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የካርድ መሳቢያ ግን «ሲስተም የለም» ብሎ አያውቅም።

ዘበኛው ካርድስ የት ገባ? አልተጣለም፤ ተዛወረ። ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፉ መዝገብ ጎን ሌላ መዝገብ ይይዛሉ፤ የስም መዝገብ። አንድ ሰው በስንት ዓይነት መንገድ ስሙ እንደተጻፈ፣ የትኛው እንደተመረጠ፣ የቀሩት ወደ ማን እንደሚመሩ የተዘረዘረበት ነው። አሜሪካኖች ይህን መዝገብ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጋራ ይሠሩታል። በ2003 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ የጀርመን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ኦሲኤልሲ የየአገሩን የስም መዝገብ ሊያገናኙ ተስማሙ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ፈረንሳዩ በመረጠው አጻጻፍ የገባ፣ ጀርመኑ የመረጠውን ያገኛል። ማንም የማያመሰግነው፣ ማንም ያላየው ሥራ ነው። ካለሱ መረቡ የስም ትርምስ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ስም ልምጣ።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1966 በናይሮቢ ጽሕፈት ቤት ከፈተ። ሥራው ከምሥራቅ አፍሪካ የሚወጣውን መጽሐፍ፣ መጽሔትና ጋዜጣ እየገዛ ወደ ዋሽንግተን መላክ ነው፤ የኢትዮጵያም በዚያው መንገድ ያልፋል። ስለዚህ አንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ በታተመበት አገር ሲጠፋ በዋሽንግተን መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ይሁን እንጂ ወደ ማሽን ሲገባ ፊደሉን በር ላይ አውልቆ ነው። የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች ለረዥም ጊዜ የተጋሩት የፊደል ገበታ ላቲንን፣ ግሪክን፣ የሩሲያን ፊደል፣ ዕብራይስጥን፣ ዓረብኛን፣ የቻይናን፣ የጃፓንንና የኮሪያን ይዞ ነበር። ግዕዝ አልነበረበትም። በመሆኑም የአማርኛ መጽሐፍ ሁሉ ርእሱና ደራሲው በላቲን ተገልብጦ ተመዘገበ።

ግልበጣው ቸልተኛ አልነበረም፤ እንዲያውም ከእኛ በላይ ጠንቃቃ ነው። እኛ በአንድ ድምፅ የምናነባቸውን ሀን፣ ሐንና ኀን ይለያል፤ አንዱን ያለ ምልክት፣ አንዱን ከሥሩ በነጥብ፣ አንዱን በሌላ ምልክት። አንደኛውን ድምፅ ከአራተኛው ከራሱ ላይ በሚሰመር ሰረዝ ይለያል። አንድ ኢትዮጵያዊ ግን በኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲፈልግ በነጥብና በሰረዝ አይደለም የሚጽፈው፤ ሞባይሉ ላይ እንደሚጽፈው ነው። ደራሲውንም ሲፈልግ የቅጹ ሠሪ «የቤተሰብ ስም» ብሎ በጠየቀው ሣጥን የሐዲስን አባት ያስገባል፤ የባለሙያዎቹ ደንብ ደግሞ፣ ልክ በሆነ መንገድ፣ የኢትዮጵያዊን መግቢያ ከራሱ ስም ይጀምራል። መጽሐፉም ፈላጊውም አሉ። መካከላቸው ዘበኛ የለም።

በአገራችንም በኩል ነገሩ ቀላል አልነበረም። የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው። የአማርኛ ጽሕፈት በኮምፒውተር የነበረን ቢሆንም ብዙው፣ በውስጡ የላቲን ኮድ ሆኖ ከላይ የግዕዝ ካባ የደረበ ነበር። ካባው፣ ማለትም ፎንቱ፣ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግጥሙ ሁሉ የምልክት ፍርስራሽ ይሆናል። ፓወር ግዕዝ ያልተጫነበት ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ ያልቻለ ሰው ይህን አይረሳም። በ1999 ግዕዝ በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለ ፎንት ይዞ መጣ። ፊደላችን ያለ ካባ መቆም ቻለ። የውጭ ካታሎጎችም ቀስ በቀስ ከላቲኑ መስመር ጎን የግዕዙን መስመር መቀበል ጀመሩ።

ዩኒኮድ ሲመጣ ችግሩ ሁሉ አለቀ ብዬ አምን ነበር። አላለቀም፤ ወደ ውስጥ ገባ። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ነው፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ነው። ሁለት ሲባዛ በስድስት ዐሥራ ሁለት። ለማሽን እነዚህ ዐሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ያቺ እናት በመስታወቱ በኩል የነገሩኝ ግን ፀሐይ አንዲት መሆኗን ነው።

ይህን ሥራ በአንድ ሰው ጉልበት የተሸከመ ኢትዮጵያዊ ምሁር ነበረን። ያው ጎፈር በተወለደባት በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል መንደር፣ ከአንድ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ጋር የተያያዘ የጽሑፍ ቅርስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው ወደዚያ ይሄድ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ከአገር ወጥተው፣ ከ1976 ጀምሮ በዚያ ቤት በሺዎች የሚቆጠሩ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር ጻፉ። የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ርእስ አይሰጠውም፤ የደራሲውንም ስም ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ስለዚህ መዝጋቢው ማንበብ፣ ማወቅ፣ ማመሳከር አለበት። ይህ ገድል የዚያኛው ቅጂ ነው፣ ያኛውን ተመልከት። ይህ መልክእ በሌላ መጽሐፍም አለ፣ እርሱን ተመልከት። ጌታቸው በ2021 ዐረፉ። ከእነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬ ምስላቸው በመረቡ ላይ ይነበባል፤ አንባቢውን ወደ ገጹ የሚያደርሰው ግን ያ ዝርዝር ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት መመዝገብ ማለት እንዳልሆነ ዲጂታል ዲጂታል የሚሉ ሰዎቻችን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። በኮምፒውተር ተነሥቶ ስም ያልወጣለት መጽሐፍ፣ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ተዛወረ እንጂ አልተገኘም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደመወዜ እየቆጠብሁ አንዲት ቀጭን የግጥም መድበል አሳትሜ ነበር። ቅጂ ለወመዘክር ሰጠሁ፤ ጥቂቱ ተሸጠ፤ የቀረው በካርቶን ሆኖ አልጋዬ ሥር አለ። ወይዘሮ ፀሐይ ሐዋላቸውን በወሰዱበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ ከፍቼ ስሜን ጻፍሁ። በመታወቂያዬ ላይ እንዳለው ጻፍሁት፤ አልተገኘም። በባንኩ መዝገብ እንዳለው ጻፍሁት፤ አልተገኘም። የአባቴን ስም አስቀደምሁ፤ እርሱም የለም። በመጨረሻ የግልበጣውን ሰንጠረዥ ፈልጌ አውጥቼ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ተማሪ እየቆጠርሁ፣ ነጥቡን ከሥሩ ሰረዙን ከላዩ አድርጌ ስጽፈው መዝገቡ ተከፈተ። እኔ ነኝ። የማላውቀው እኔ፣ ራሱ ላይ ሰረዝ እግሩ ሥር ነጥብ ያለው።

ርእሱ አለ፤ ዓመቱ አለ። 300 በተባለው መስመር ላይ 64 ገጽ፣ 21 ሴንቲ ሜትር ይላል። አንድ የማላውቀው ሰው ያቺን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ በማስመሪያ ለክቷታል። ከአልጋዬ ሥር ካርቶኑን ሳብሁና አንዷን አውጥቼ ለካኋት። ሃያ ከግማሽ ናት። ኋላ ሳነብ የመዝጋቢዎቹ ደንብ ትርፍራፊውን ሁልጊዜ ወደ ሙሉ ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚያደርገው አገኘሁ። እኛ ባንክ ቤት እንዲህ ብናደርግ ማታ ሒሳቡ አይዘጋልንም።